ተቀባይ ያገኘ ሙሾ

ናሬ የሚባሉት የኮሪያ ዘፋኞች ከአምስት ዓመት ዝምታ በኋላ አዲስ ዘፈን ያወጡት ሁዳዴ ከገባ በኋላ ነበር። እኔ በጾም ዘፈን አልሰማም። ስለዚህ ጠበቅኩ።

የሚስቅ ይሳቅ። አምሳ ዓመት ያለፈኝ ሴት ነኝ። ኖርክሮስ ውስጥ በአንዲት ኮሪያዊት ላውንደሪ ልብስ አስተካክላለሁ፤ ለከሳ አጠባለሁ፣ ለወፈረ እለቃለሁ። ባለቤቷን ሁላችንም ሳሞኒም ነው የምንላት፤ በእነሱ ቋንቋ እመቤቴ እንደ ማለት ነው። ከመተኮሻው በላይ በሰቀለችው ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ የአገሯን ሙዚቃ ትከፍታለች። ናሬን ያወቅኳቸው እዚያ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነ። ያን ጊዜ ስድስት ነበሩ፤ ሁሉም ልጆች፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ፀጉር። ቋንቋቸውን አላውቅም፤ ያስተማረኝም የለም። ዓይኔ ስፌቱ ላይ ስለሆነ የማያቸው ጥቂት፣ የምሰማቸው ብዙ ነው። እየቆየ ሲሄድ ድምፃቸውን አንድ በአንድ ለየሁት። አንዷ ስታገባ ድምፅዋ ሲረጋ ሰማሁ። አንዷ ታማ ስትነሳ ትንፋሽዋ ማጠሩን ሰማሁ። ሁለቱ ጥለው ሲወጡ የቀሩት አራቱ፣ ወንበር እንደሚተውለት ሰው፣ የእነሱን ቦታ ክፍት እያደረጉ መዝፈናቸውን ሰማሁ። ከሁሉም የምወዳት ዩንሚን ነው፤ ወፍራም ድምፅ ያላትን። ሌሎቹ ሲወጡ እሷ ትወርድና ከሥር ትይዛቸዋለች።

ለነፍስ አባቴ ነግሬአቸው አውቃለሁ።

«ትርጉሙን ታውቂዋለሽ?» አሉኝ።

«አላውቀውም፣ አባ።»

«እንግዲያው ኃጢአቱም ገና አልገባሽም። በጾም ብቻ ተዪው።»

ባለቤቴ ተክሌ ይህን ሲሰማ ሳቁ አልቆም አለው። «ከቅዳሴ ስትመለስ ማሕሌት፣ ከሥራ ስትመለስ ኮሪያ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ተክሌ ከኮንየርስ መጋዘኖች ጭነት እያነሳ ረጅም መንገድ የሚሄድ የትራክ ሹፌር ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት በሰኔ፣ አላባማ ውስጥ፣ ትራኩን አንድ ማረፊያ ፓርክ አድርጎ ጋደም እንዳለ ቀረ። ልቡ ነው አሉን።

የዚህ ዓመት ሁዳዴ ረጅም ሆነብኝ። ልጄ ሩሐማ ዘፈኑን በወጣበት ቀን ሰምታዋለች። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ሚድታውን ኮሌጅ ትማራለች፤ ናሬንም የወደደችው ሕፃን ሳለች ከእኔ ጋር እየሰማች ነው።

«ማሚ፣ ላይክ፣ ምንም አልልሽም። ግን ሰርፕራይዝ አለው» አለችኝ።

«ጥሩ ነው መጥፎ?»

«ፋሲካ ይድረስና።»

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ጥግ ልጃገረዶቹ ተሰብስበው ሲጨፍሩ አያለሁ፤ በሁለት ጣት ግራ ትከሻቸውን መታ መታ ያደርጋሉ። ስጠጋ ያቆማሉ። አንዲቷ ልትናገር ስትል ጓደኛዬ ኤልፍነሽ ቆነጠጠቻት። ጾሜን አክብረውልኝ መስሎኝ ነበር።

ፋሲካ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ነቢዩ ኬክ ይዞ መጣ። ነቢዩ የተክሌ ወንድም ልጅ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ያመጣነው እኛ ነን፤ ምድር ቤታችን ውስጥ አድጎ አሁን ሚድታውን በሚገኝ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ሙዚቃ ያቀናብራል። ጨዋ ልጅ ነው። ሲገባ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ይላል፤ እኔም ትከሻውን ይዤ አስቀረዋለሁ።

«እንግዲህ ክፈቱልኝ» አልኳቸው። ነጠላዬን አስተካክዬ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ሠርግ ቤት እንደ ተጠራ ሰው ነበርኩ።

ረጅም ኮሪደር ነው፤ ነጭ መብራት የሞላበት። አራቱ ከወዲያኛው ጫፍ ይመጣሉ። ልጆች አይደሉም አሁን። ደግሞም አልደበቁትም፤ ዩንሚ ዓይኗ ሥር ያለውን መስመር እንዳለ ትታዋለች፤ ወደድኳት። ትከሻቸው ላይ ነጠላ የሚመስል ነጭ ጨርቅ አጣፍተዋል፤ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቀው፣ እኛ ለሐዘን እንደምናደርገው።

«ውይ፣ አለባበሱን ገለበጡት» ብዬ ሳቅኩ። ማንም አልሳቀም።

ከዚያ ከበሮው ገባ። ከከበሮው ጋር አንዲት ሴት ገባች።

«ተክሌ፣ ተክሌ፣ አደረ። ተክሌ፣ ተክሌ፣ አደረ።»

የሌላውን ሰው ድምፅ ከመጋረጃ በስተጀርባ እለያለሁ። የራሴን ለመለየት ግን ጊዜ ወሰደብኝ። መጀመሪያ የታወቀኝ ድምፁ ሳይሆን ትንፋሹ ነው፤ «አደረ» ከማለቴ በፊት የተሰበረው።

ያን ቃል ያወጣሁበት ቀን ይህ ነው። የተክሌ እናት ፍቼ ናቸው፤ ለልጃቸው ቀብር መምጣት አልቻሉም። ለቅሶው ላይ ነቢዩ ለሙዚቃው የገዛውን ማይክ አምጥቶ ጉልበቴ ሥር አስቀመጠ። «እማማ በስልክ ሲሰሙ ይቆራረጥባቸዋል፤ ጥርት አድርጌ ልቅረጽላቸው» አለ። እኔ ሙሾ አውርጄ አላውቅም ነበር። እናቴ ነበረች በአገሩ የታወቀች አልቃሽ። ቄሶቹም አይወዱትም፤ ተስፋ የሌለው ሰው ለቅሶ ነው ይሉታል። ግን ያን ቀን ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ከአፌ ወጣ፦

መንገዱን ጨርሶ ይገባ የነበረ፣
ምነው ዛሬስ ተክሌ መንገድ ላይ አደረ።

ሙሾ ተቀባይ ይፈልጋል። አንዷ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ከሥር ይቀበሏታል፤ እንደዚያ ካልሆነ ሰውየው ብቻውን የተቀበረ ያህል ነው። ያን ቀን የተቀበለኝ የለም። ሴቶቹ ሶፍት ይዘው በዝምታ አለቀሱ፤ የሚያውቁት ረስተውታል፣ ያልረሱት ቄሱን ፈሩ። ብቻዬን አውርጄ ብቻዬን አነሳሁት።

አሁን ቴሌቪዥኑ ላይ «ተክሌ» በተባለ ቁጥር አራቱም በሁለት ጣት ግራ ትከሻቸውን መታ መታ ያደርጋሉ። «አደረ» ሲባል ጉልበታቸውን ሰበር አድርገው፣ እንደ ተኛ ሰው ጭንቅላታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጉና ፈገግ ይላሉ። ባሌ ትራኩ ውስጥ ሲገኝ ጭንቅላቱ በዚያ በኩል ነበር ያለው።

ከዚያ በመጨረሻው ዩንሚ ከሥሬ ገባች። ከበሮው ቆመ፤ እኔና እሷ ብቻ ቀረን። እኔ ከላይ፣ እሷ ከታች፣ ልክ በሚገባው ቦታ፣ በሚገባው ትንፋሽ። ተቀበለችኝ። በሰባት ዓመቱ ሙሾዬን የተቀበለችኝ እሷ ብቻ ናት፤ ምን እንደተቀበለች ግን አታውቅም። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። መጥፎ አልነበረም።

«ማሚ?» አለች ሩሐማ። «ነቢ፣ አልኩህ አይደል ታለቅሳለች ብዬ።» ደስ ብሏት ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ።

«አንቺ ነሽ፣ እትዬ ብዙ» አለ ነቢዩ። «ያን ቅጂ ቆርጬ፣ እየተደጋገመ እንዲዞር ሉፕ አድርጌ፣ አቀናባሪዎች ድምፅ የሚገዙበት ሳይት ላይ አፕሎድ አድርጌው ነበር። ከብዙ ሌላ ነገር ጋር። ማን እንደሚወስደው አይታወቅም። ከዓለም ሁሉ የአንቺዎቹ ይወስዱታል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። እግዜር ነው ያደረገው።»

«እግዜርን ተወው። ማንን ጠየቅህ?»

«ሙሾ እኮ የሕዝብ ነው፣ እትዬ። ባህል ነው። የዚህ ሰው ነው የሚባል ነገር የለውም።»

«ተክሌም የሕዝብ ነው?»

ኬኩን ከጠረጴዛው ጫፍ ወደ መሐል ገፋው።

«መቁረጥ ታውቅበታለህ፤ መንገዱን ቆርጠኸዋል፣ 'ምነው ዛሬስ'ን ቆርጠኸዋል። ስሙን ለምን አልቆረጥከውም?»

መሬት መሬት አየ። «ከሁሉም ያማረው እሱ ነው» አለኝ።

ሩሐማ መጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠች። «ማሚ፣ ሊስን። አባቢን ዓለም በሙሉ እየጠራው ነው። ብራዚል ያሉ ልጆች ስሙን ያውቁታል። ላይክ፣ የትኛው ሹፌር ነው እንደዚህ የተጠራው? እኔ ኮራሁ።»

«እየጠሩት አይደለም፣ ልጄ። እየረገጡበት ነው።»

«ያ ፌር አይደለም። እነሱ አያውቁም እኮ።»

«አንቺ ታውቂ ነበር። መቼ ሰማሽው?»

«በወጣበት ቀን።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጾም ላይ ነበርሻ» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «አንቺ ነሽ በጾም አታሰሙኝ የምትዪው። ሪስፔክት አድርጌ ነው።»

ምን ልበላት? እውነቷን ነው።

«ዘፈኑ ይጥፋ አላልኩም» አልኳቸው። «ድምፄንም ይውሰዱት። ስሙን ብቻ አውጡልኝ። ሌላ አልለምንም።»

ነቢዩ ድምፁን ለሸጠው ሳይት ጻፈ። ሩሐማ ለዘፋኞቹ ኩባንያ ጻፈች፤ እኔ በአማርኛ እየነገርኳት፣ እሷ በእንግሊዝኛ እያለዘበች። «ማሚ፣ 'አስነዋሪ' አይባልም፤ አይመልሱልሽም።» አስነዋሪን አወጣን።

በዚህ መሐል ወሬው ቤተ ክርስቲያናችንን ሞላው። እንኳን ደስ ያለሽ የሚሉኝ አሉ። ኤልፍነሽ ግን እንደ ልማዷ አልማረችኝም።

«ሴት ባሏ ሲሞትባት ለዕድሯ ትናገራለች፤ አንቺ ለኮሪያ ተናገርሽ» አለችኝ።

«አንቺም አውቀሽ ልጅቷን ቆነጠጥሽልኝ።»

«ታዲያ በሁዳዴ መርዶ ልንገርሽ?» አለች። ቀጥላም «ያን ቀን ልቀበልሽ ፈልጌ ነበር፣ ብዙነሽ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቄሱ አጠገቤ ቆመው...» አለች። አልጨረሰችውም፤ እኔም ጨርሺው አላልኳት።

ላውንደሪው ውስጥ ቪዲዮው በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይመጣል። ሳሞኒም አንድ ቀን እጄ መርፌው ላይ ሲቆም አየችኝ። በምንግባባበት በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ምን ሆንሽ?» አለች።

«ስም ነው። የባሌ። የሞተው።»

ቴሌቪዥኑን አየች፣ እኔን አየች። እሷም ባሏ ሞቶባታል። ሪሞቱን አንስታ ድምፁን ዘጋችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ዘፈኑ ሲጀምር፣ ከደንበኛ ጋር እያወራች እንኳን ቢሆን፣ ድምፁን ትዘጋለች። ጭፈራው ግን ይታያል። እኔ ደግሞ ያለ ድምፅ ሲሆን ይበልጥ እሰማዋለሁ።

መልሱ በግንቦት መጣ። ሩሐማ ሶፋው ላይ ሆና አነበበችልኝ። ኩባንያው በሐዘኔ አዝኗል። ቅጂውን የገዛው በሕጋዊ መንገድ ነው። ቃሉ የሰው ስም መሆኑን አላወቁም፤ ለዜማው ማማር የገባ ድምፅ መስሏቸው ነበር። ዘፈኑ ኢንተርኔት ላይ ብቻ በነበረባቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢነገራቸው ኖሮ፣ ስሙን አውጥተው በሌላ ይተኩት ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ ቀደምም አድርገዋል። አሁን ግን አልበሙ ታትሟል፣ የኮንሰርቱ ጭፈራም ተጠንቷል። በዚያን ጊዜ ለምን እንዳላሳወቅናቸው ብናስረዳቸው ደስ ይላቸዋል።

«ምን ብዬ ልመልስ?» አለች ሩሐማ።

«ምንም።»

«ጾም ላይ ነበረች ልበላቸው?»

«ይስቁብሻል። ተዪው።»

የዚያን ዕለት ማታ ጸሎት ስቆም ቃል አጠረኝ። ለእግዚአብሔር ብዬ ነበር ጆሮዬን የዘጋሁት። በእነዚያ ሳምንታት ክፍት የነበረው በር፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ስሰግድ ተዘጋ። አላማረርኩም፤ ማማረር አልተማርኩም። ቢሆንም እንደ ድሮው «ተመስገን» ብዬ ለመጨረስ ከንፈሬ እሺ አላለኝም፤ አማትቤ ብቻ ተቀመጥኩ።

ከሳምንት በኋላ ጥቅል መጣ። አልበሙ ነው፤ አራቱም ፈርመውበታል። ዩንሚ ከፊርማዋ በላይ አንድ መስመር በእጅዋ ጽፋለች። ሳሞኒም መነጽሯን አድርጋ ተረጎመችልኝ፦ «ብርታትሽን ስለሰጠሽን እናመሰግናለን። በአንቺ ድምፅ በደስታ እንጨፍራለን።» ሳሞኒም ካነበበች በኋላ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ራሷን ዝቅ አደረገች።

ከዚህ በፊት፣ በየትኛውም ዓመት፣ ይህ እጅ ጽፎልኝ ቢሆን ኖሮ ታቅፌው እተኛ ነበር። አሁን ወደ ቤት መውሰድ አቃተኝ። ባለቤት ያልመጣላቸው ልብሶች ከሚሰቀሉበት ብረት ሥር አስቀመጥኩት። እዚያው ነው።

ሰኔ ሲገባ የተክሌ የሰባት ዓመት ተዝካር ደረሰ። ወጡን ከኤልፍነሽ ጋር ሠራን፤ አዳራሹን ነቢዩ አሰናዳ። ወንበር ሲሸከም ላቡ ይንጠፈጠፍ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ከእኔ ጋር ብዙ አይነጋገርም፤ የሚያዝዙትን ሁሉ ግን ያደርጋል።

ለሞተ ሰው ፍትሐት ሲደረግ ተክሌ አይባልም። ያ የዓለም ስሙ ነው፤ ጎረቤት፣ አለቃ፣ ፖሊስ የሚጠራበት። ለነፍስ የሚጸለየው በክርስትና ስም ነው፤ ሕፃኑ ከውኃው ሲወጣ ቄሱ በሰጡት፣ ከጸሎት በቀር ማንም በማይጠራው ስም። የተክሌን የክርስትና ስም እዚህ አገር የምናውቀው እኔና የነፍስ አባታችን ብቻ ነን። በጠዋት ተነስቼ ለብቻዬ ሄድኩ። «አባ፣ ዛሬ ስሙን ቀስ ብለው ይጥሩልኝ» አልኳቸው። ለምን ሳይሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፍትሐቱ ላይ በግዕዙ መሐል ሹክ አሉት። እግዜር ሰምቷል፤ ሌላ ሰው መስማት የለበትም።

አዳራሹ ውስጥ እንግዶች ሳህን ይዘው ተሰልፈዋል። እኔ ከድስቱ አጠገብ ቆሜ አወጣለሁ። ሩሐማ ስልኳን ይዛ ጠረጴዛውን፣ ሻማውን፣ የአባቷን ፎቶግራፍ ትቀርጻለች። የዘፈኑ ሰውዬ ልጅ እሷ መሆኗን ከተናገረች ወዲህ የሚከታተሏት ብዙ ሆነዋል።

«ማሚ፣ ቄሱ አባቢን ተክሌ አላሉትም እኮ። ጆሮዬን ሰጥቼ ነበር።»

«በክርስትና ስሙ ነው የሚጠራው።»

«ማን ነው?»

ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ተውኩት።

«ሰዎች ተክሌ ማን ነበር እያሉ ይጠይቁኛል» አለች። «ሙሉ ታሪኩን ልነግራቸው ነው። ዝም ብሎ ማንም ሰው እንዳይመስላቸው። የት እንደተወለደ፣ ምን ይወድ እንደነበር፣ ስሞቹን በሙሉ። አንቺ እኮ ነሽ 'እየረገጡበት ነው' ያልሽው፤ ሰው መሆኑን ይወቁ።»

«የተወለደበትን ንገሪ። ይሄን አልነግርሽም።»

«ዋት? ለምን?»

 ከኋላዋ የተሰለፉት መስማታቸውን ሳይሰሙ በመምሰል ነገሩኝ።

«የእኔም አባት እኮ ነው፣ ማሚ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ነው።»

«ሰው ለልጁ የአባቷን ስም ይከለክላል?»

ስልኳን አየችው። ከዚያ አጠፋችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችው፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈችበት፣ ሕፃን ሳለች ሳንቲም እንደማስይዛት። ስልኩ ትኩስ ነው።

«ይኸው። ያዢው። በጆሮዬ ንገሪኝ። ለማንም አልናገርም፤ ፖስት አላደርገውም። ለእኔ ብቻ።»

አመንኳት። ክፋቱ ይሄ ነው፤ ሙሉ በሙሉ አመንኳት። ነቢዩም ለእማማ ብቻ ነው ሲለኝ እውነቱን ነበር። ጆሮዋን አስጠጋች። የአባቷ ጆሮ ነው፤ ታችኛው ጫፉ ከጉንጯ ጋር የተጣበቀ። ስሙ ምላሴ ላይ ነበር። አንዴ ብቻ ነው፣ አንድ ቃል ነው፣ ልጁ ናት አልኩ በልቤ። አፌን ከፈትኩ።

«ሳህን አንሺ» አልኳት። «እንግዶች ቆመዋል።»

ቀና ብላ ለአፍታ አየችኝ። ተቆጥታ እንኳን አልነበረም። ስልኳን ከእጄ ቀስ አድርጋ ወሰደች፤ ሳህን አላነሳችም። ነቢዩ ወደተቀመጠበት ጠረጴዛ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። እሱ አንድ ነገር ጠየቃት፤ ትከሻዋን ነቀነቀች።

ቀጣዩ ሰው ሳህኑን ዘረጋልኝ። ወጡን አወጣሁለት።